ከዘፍጥረት የመጀመሪያ ታሪኮች ጥሞና ማዘጋጀት፦ ቃየንና አቤልን ይዘን ደረጃ በደረጃ

“ቃየንና አቤል ላይ አጭር ጥሞና አዘጋጅ” የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ መጽሐፉን ሳይገልጥ መደምደሚያውን ያውቀዋል። “ቅናት ክፉ ነው።” ከዚያ ስለ ቅናት ሦስት ገጽ ይጽፋል። ምንባቡ መግቢያው ላይ አንዴ ይጠቀስና እዚያው ይቀራል። ሰሚው ደግሞ “ይቺንስ አውቃታለሁ” ብሎ ስልኩን ያወጣል።

እነዚህን ታሪኮች ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማናቸው አናነባቸውም፤ እናስታውሳቸዋለን። የምናስታውሰው ደግሞ ግማሹ ከሥዕል፣ ግማሹ ከሰማነው ስብከት የመጣ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ከመጻፉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው።

አካሄዱ ከዘፍጥረት 1 እስከ 11 ላለው ለየትኛውም ታሪክ ይሠራል። እኔ ዘፍጥረት 4፥1-16ን ይዤ አሳያችኋለሁ። አንድ ሕግ ብቻ ጠብቁልኝ፦ ከደረጃ 8 በፊት “ከዚህ የምንማረው” የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ቢመጣባችሁም ዋጥ አድርጉት።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው፦

- ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ትርጉሞች። ሌላ ቋንቋ ካነበባችሁ ሦስተኛ ጨምሩ።
- ምንባቡ በእጅ የተገለበጠበት ወይም የታተመበት ወረቀት፣ ሰፊ ኅዳግ ያለው። ርዕሶቹን አውጡ። በምዕራፉ መሃል “የመጀመሪያው ግድያ” የሚሉ ንዑስ ርዕሶች የአሳታሚዎች ጭማሪ ናቸው። ገና ሳታነቡ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ ይነግሯችኋል።
- ሁለት ቀለም ያለው እስክሪብቶ።
- አንድ ባዶ ገጽ። ከላዩ ላይ “ማቆያ” ብላችሁ ጻፉበት። ጥቅሙን ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።
- አራት ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ።

አራቱን ቀን በአንድ ሌሊት ለመጨፍለቅ አትሞክሩ። እኔ ሞክሬ አይቼዋለሁ። የኖኅን ታሪክ ለነገ ጠዋት ዛሬ ማታ አዘጋጅቼ “እንስሳቱ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ” እያልኩ ጥንድነት ላይ ረጅም ሐሳብ ሠራሁ። ስጨርስ አንዲት እናት በትሕትና “ልጄ፣ ንጹሖቹስ ሰባት ሰባት አይደሉም እንዴ?” አሉኝ። ዘፍጥረት 7፥2 ላይ ቁጭ ብሏል። ምዕራፍ 6ን አንብቤ 7ን በትዝታ ነበር የሞላሁት።

ማብራሪያ መጻሕፍትን፣ የስብከት ቪዲዮዎችን እስከ ደረጃ 7 ድረስ አትክፈቱ። ጥሩ ስለሆኑ ነው የምከለክላችሁ። አንዴ ከሰማችኋቸው የራሳችሁ ዓይን ይዘጋል።

በአጭር ጸሎት ጀምሩ። ከዚያ ወደ ሥራው።

## ደረጃ 1፦ ታሪኩ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ወስኑ

የምዕራፍ ቁጥሮችን አትመኑ። ምዕራፎቹ የተከፈሉት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ አንዳንዴም ቦታውን ስተዋል። ትልቁ ምሳሌ የፍጥረት ሰባተኛ ቀን ነው። ስድስቱ ቀናት ምዕራፍ 1 ላይ፣ ሰባተኛው ግን ምዕራፍ 2 መጀመሪያ ላይ ነው። ምዕራፍ 1ን ብቻ ያነበበ ሰው ዕረፍቱን ቆርጦ ጥሎታል።

ድንበር ለማግኘት ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የቦታ ለውጥ፣ የሰው ለውጥ፣ “የ… ትውልድ ይህ ነው” የሚል ሐረግ። ይህ ሐረግ የዘፍጥረት የራሱ መክፈያ ነው። 2፥4፣ 5፥1፣ 6፥9፣ 10፥1፣ 11፥10 ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል።

የእኛ ታሪክ በልደት ይጀምርና ቃየን ከእግዚአብሔር ፊት ወጥቶ በኖድ ምድር ሲቀመጥ ያበቃል። 4፥1-16።

ካልተሳካ፦ ሁለት ድንበር መካከል ከዋለላችሁ ሰፊውን ያዙ። በኋላ ማሳጠር ይቻላል።

## ደረጃ 2፦ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ

መጀመሪያ በተለመደ ፍጥነት። ሁለተኛ በጣም ቀስ ብላችሁ። ሦስተኛ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፤ ሰው ከሌለ ድምፃችሁን ስልክ ላይ ቀድታችሁ ስሙት። ምንም አትጻፉ።

አፋችሁ የሚደናቀፍበትን ቦታ ብቻ ልብ በሉ። ምላስ የሚደናቀፈው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ያልጠበቅነውን ሲል ነው።

## ደረጃ 3፦ “አለ” እና “የለም”

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ክፈሉት። መጽሐፉን ዝጉና ስለ ታሪኩ የምታውቁትን ሁሉ በግራ በኩል ጻፉ። ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ። ለእያንዳንዱ መስመር የቁጥር ማስረጃ ፈልጉ። ከተገኘ በቀኝ በኩል ቁጥሩን ጻፉ። ካልተገኘ “የለም” በሉ።

ቃየንና አቤል ላይ ይህን ስታደርጉ ምን ይገጥማችኋል?

*“የአቤል መሥዋዕት የተወደደው ደም ስላለበት ነው።”* የለም። ዕብራይስጡ ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው፤ ቃሉ ለእህል ቁርባንም ያገለግላል። ጽሑፉ የሚሰጠን ፍንጭ ትንሽ ነው፦ ቃየን “ከምድር ፍሬ” አቀረበ፣ አቤል ግን “ከበጎቹ በኵራትና ከስቡ”። አንዱ ጋ ዝርዝር አለ፣ ሌላው ጋ የለም። ዕብራውያን 11፥4 “በእምነት” ይላል፤ እሱ ግን የደረጃ 7 ሥራ ነው።

*“ቃየን በድንጋይ መታው።”* የለም። በምን እንደገደለው አልተጻፈም።

*“የቃየን ምልክት እርግማን ነው።”* የለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። 4፥15ን አንብቡ። ምልክቱ የተደረገው ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ነው። ምልክቱ ምን እንደሚመስልም አልተነገረም።

*“አቤል ወንድሙን ለመነው።”* የለም። አቤል በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም። ይቺን በቀለም አስምሩባት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሌሎቹ ታሪኮች ላይ ደጋግመው የሚገቡ “የለም”ዎችም አሉ፦

- ዕፀ በለስ እንላለን። ምዕራፍ 3 ላይ ግን በለስ የተባለው የሰፉት ቅጠል ነው (3፥7)። ዛፉ የተጠራው መልካምንና ክፉን በማስታወቁ ነው እንጂ በፍሬው ዓይነት አይደለም።
- እባቡ በዘፍጥረት 3 ሰይጣን አልተባለም። “የቀደመው እባብ” ብሎ የሚያገናኘን ራእይ 12፥9 ነው። ማገናኘቱ ክርስቲያናዊ ንባብ ነው፤ ብቻ ከየት እንዳመጣችሁት እወቁ።
- ኖኅ ለሰፈሩ ሰው ሲሰብክና ሲሳቁበት የሚያሳይ ቁጥር በዘፍጥረት የለም። መርከቡን 120 ዓመት ሠራ የሚልም የለም። 120 የሚለው ቁጥር 6፥3 ላይ የሰው ዘመን ተብሎ ነው የመጣው።
- ኖኅ የረገመው ካምን አይደለም። 9፥25 “ከነዓን” ነው የሚለው።

የመጨረሻዋን በቀላሉ አትለፏት። ይህን ቁጥር ካም ላይ፣ ከካምም አልፈው ጥቁር ሕዝቦች ላይ ለጥፈው ባርነትን ያጸደቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ ስም በትክክል አለማንበብ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ “የለም” ያላችሁት ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ከትውፊት ወይም ከሐዲስ ኪዳን የመጣ ሊሆን ይችላል። “የለም” ማለት “እዚህ ገጽ ላይ የለም” ማለት ብቻ ነው። ይህን ሳይለዩ አያቶቻቸውን ለማረም የሚሮጡ ወጣቶች አጋጥመውኛል። አያምርም።

ካልተሳካ፦ “ቃየን ሚስቱን ከየት አገኛት?” የሚለው ጥያቄ መጥቶ አላስኬድ ይላችኋል። የማቆያው ገጽ ለዚህ ነው። ጻፉትና እለፉ። 5፥4 አዳም ወንዶችንም ሴቶችንም ልጆች እንደወለደ ይናገራል፤ ለዛሬ ይብቃችሁ። ስለ ስድስቱ ቀናት ርዝመት የሚነሳው ክርክርም ወደዚሁ ገጽ ይግባ። እዚያ ከገባችሁ አራቱም ቀን ያልቃል፣ ጥሞናውም አይጻፍም።

## ደረጃ 4፦ የሚደጋገመውን ቃል ቁጠሩ

የዕብራውያን ተራኪዎች “ዋናው ነገር ይሄ ነው” አይሉም። ይደጋግሙታል። ስለዚህ መቁጠር የልጅ ሥራ አይምሰላችሁ።

በመጀመሪያው ቀለም “ወንድም” የሚለውን ቃል በሙሉ አክብቡ። ወንድሙን፣ ወንድምህ፣ የወንድሜ… ሁሉንም። በ4፥1-16 ውስጥ 7 ጊዜ ይመጣል፦ ቁጥር 2 ላይ አንዴ፣ ቁጥር 8 ላይ ሁለቴ፣ ቁጥር 9 ላይ ሁለቴ፣ ቁጥር 10 እና 11 ላይ አንዳንዴ። ቁጥር 8ን ተመልከቱ። አቤል ወንድሙ እንደሆነ ከቁጥር 2 ጀምሮ እናውቃለን። ተራኪው ግን በግድያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ “ወንድሙን” ይላል። እንድንረሳው አይፈቅድልንም።

በሁለተኛው ቀለም “ምድር”ን ተከተሉ። ቃየን ምድርን የሚያርስ ነው። ከምድር ፍሬ ያቀርባል። ምድር አፏን ከፍታ የወንድሙን ደም ትቀበላለች። ደሙ ከምድር ይጮኻል። ከዚያ ምድር ኃይሏን አትሰጠውም፤ ከፊቷም ይባረራል። ገበሬው የሚኖርባትን አጣ። ይህን ማንም ሰባኪ ሳይነግራችሁ በእስክሪብቶ አገኛችሁት።

ሌላ ታሪክ ከያዛችሁ እነዚህን ሞክሩ። ምዕራፍ 1 ላይ “መልካም እንደ ሆነ አየ” የሚለውን ቁጠሩ፤ በዕብራይስጡ 7 ጊዜ ነው፣ ሰባተኛው “እጅግ መልካም”። ከዚያ 2፥18 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ “መልካም አይደለም” የተባለውን ፈልጉ። የሰው ብቻውን መሆን ነው። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ “ሞተም” የሚለውን ቁጠሩ።

ካልተሳካ፦ ምንም የሚደጋገም ካላገኛችሁ ምንባባችሁ አጭር ነው ወይም ትርጉሙ ቃሉን እየቀያየረ ነው። ሁለተኛውን ትርጉም ውሰዱ።

## ደረጃ 5፦ ማን ይናገራል? ማን ዝም ይላል?

ንግግሮቹን ብቻ አውጥታችሁ ቅዱ፣ እንደ ድራማ ጽሑፍ።

እግዚአብሔር ለቃየን፦ ለምን ተናደድህ? ፊትህስ ለምን ጠቆረ?
እግዚአብሔር ለቃየን፦ ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?
ቃየን፦ አላውቅም፤ የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?
እግዚአብሔር ለቃየን፦ ምን አደረግህ?

ቃየን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ መልስ አልሰጠም። ልብ ብላችኋል? ቁጥር 6 እና 7 ላይ እግዚአብሔር ይጠይቀዋል፣ ኃጢአት በደጅ እንደምታደባ ያስጠነቅቀዋል። ቃየን ለእግዚአብሔር ሳይመልስ ፊቱን ወደ አቤል ያዞራል።

ሌላም አለ። እግዚአብሔር በታሪኩ ውስጥ አቤልን አንዴም አያናግርም። የሚያናግረው ቃየንን ነው፤ ደጋግሞ። አቤልም የሚሰማው ከሞተ በኋላ ነው፦ ደሙ ይጮኻል።

የኖኅ ታሪክ ላይ ይህን ደረጃ የሚሠራ ሰው ይገረማል። ኖኅ ከምዕራፍ 6 ጀምሮ በጥፋት ውኃው ዘመን ሁሉ አንድ ቃል አይናገርም። የመጀመሪያ ንግግሩ 9፥25 ላይ ነው፣ እሱም እርግማን ነው።

## ደረጃ 6፦ ትርጉሞቹን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ልዩነት ያለበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ። በእኛ ምንባብ ሁለት ቦታ ይበቃናል።

ቁጥር 8። አንዳንዱ ትርጉም ቃየን “ወደ ሜዳ እንሂድ” እንዳለው ይጽፋል። በተለመደው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ግን “አለው” ይልና ያለው ነገር የለም። ቃሉን የምናገኘው ከሰብዓ ሊቃናት የግሪክ ትርጉምና ከሳምራውያን ኦሪት ነው። ስለዚህ ሙሉ ጥሞናችሁን “ወደ ሜዳ እንሂድ” በሚለው ግብዣ ላይ አትገንቡት።

ቁጥር 13። በአንዱ ትርጉም ቃየን “ኃጢአቴ ልሸከማት የማልችላት ናት” ይላል። በሌላው የከበደው ቅጣቱ ነው። የዕብራይስጡ ቃል ሁለቱንም ይይዛል። እየተጸጸተ ነው ወይስ እያማረረ? እኔ ቁጥር 14ን ሳነብ ወደ ማማረሩ አዘነብላለሁ፤ እዚያ የሚዘረዝረው የሚደርስበትን እንጂ አቤልን አይደለም። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ብቻ ለሰሚው ሁለቱንም ንገሩት።

ስሞቹንም እዚህ ተመልከቱ። (አንዳንድ ትርጉም “ቃየል” ይለዋል፤ ያው ነው።) የቃየን ስም ሔዋን “አገኘሁ” ካለችው ቃል ጋር በድምፅ ይመሳሰላል። የአቤል ስም በዕብራይስጥ “ትንፋሽ፣ ተን” ማለት ነው፤ መክብብ “ከንቱ” እያለ የሚደጋግመው ያው ቃል ነው። ብልጭ ብሎ የጠፋ ሰው።

ማስጠንቀቂያ፦ የዕብራይስጥ ቃል ማወቅ ያሰክራል። በአንድ ጥሞና አንድ ቃል ይበቃል። ከሦስት ካለፈ ሰሚው የሚያስታውሰው የእናንተን እውቀት ነው።

## ደረጃ 7፦ ጎረቤቶቹን ጠይቁ፣ ከዚያ ወደ ሐዲስ ኪዳን ተሻገሩ

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። አትዝለሉ።

ሀ. ከበፊቱ። ምዕራፍ 3ን አንብቡ። “ወዴት ነህ?” (3፥9) ተብሎ ነበር፤ አሁን “ወንድምህ ወዴት ነው?” ሆነ። ሔዋን ስለ ሥራዋ ተጠይቃ ነበር (3፥13)፤ አሁን ቃየን ይጠየቃል። መጀመሪያ ሰው ከእግዚአብሔር ተደበቀ፣ ቀጥሎ ወንድም ከወንድም ጠፋ።

ለ. ከኋላው። 4፥23-24 ላይ ላሜሕ ለሚስቶቹ ይፎክራል። ቃየን ሰባት እጥፍ ከተበቀሉለት ለእኔ ሰባ ሰባት እጥፍ ይላል። ይቺን ቁጥር ያዙ።

ሐ. ሐዲስ ኪዳን ራሱ የጠቀሰውን። የራሳችሁን ምሳሌ ከመፍጠራችሁ በፊት ሐዋርያቱ ያሉትን ሰብስቡ፦ ማቴዎስ 23፥35፣ ዕብራውያን 11፥4፣ ዕብራውያን 12፥24፣ 1 ዮሐንስ 3፥12፣ ይሁዳ 11። እያንዳንዱ ከታሪኩ የሚያነሳው ነገር ይለያያል። ዮሐንስ ስለ ወንድም መግደል ይናገራል። ዕብራውያን 12፥24 ደግሞ ደሙን ያነሳል፤ የኢየሱስ ደም ከአቤል ደም ይልቅ የሚሻለውን ይናገራል ይላል።

እና ላሜሕ? ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር እንደሚል ሲጠይቅ ኢየሱስ “እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት” ይለዋል (ማቴዎስ 18፥22)። ግሪኩ ከሰብዓ ሊቃናቱ የላሜሕ ቁጥር ጋር አንድ ነው። የበቀሉ ቁጥር የይቅርታ ቁጥር ሆነ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉን ነገር ምሳሌ አታድርጉ። በጉ ክርስቶስ፣ ሜዳው ዓለም፣ እርሻው ሕግ… እያሉ መሄድ ይቻላል፤ ማቆሚያ የለውም። መለኪያዬ ቀላል ነው፦ ታሪኩን ሳይበጥስ ከገባ ይግባ፤ ታሪኩ ሌላ ነገር እንዲል ካስገደደው ይውጣ።

ካልተሳካ፦ ሐዲስ ኪዳን ታሪኩን በቀጥታ ካልጠቀሰ አትጨነቁ። የባቢሎን ግንብ እንዲህ ነው። እዚያ የቅርብ ጎረቤቱን ተጠቀሙ፦ ሰዎቹ ስማቸውን ሊያስጠሩ ይሠራሉ (11፥4)፣ አብራም ግን ስሙን የሚያከብርለት እግዚአብሔር ነው (12፥2)። ከዚያ በኋላ የሐዋርያት ሥራ 2ን ብታነሱ ያምራል።

ማብራሪያዎቹን አሁን ክፈቱ። ዮሐንስ አፈወርቅ በዘፍጥረት ላይ 67 ስብከቶች አሉት፣ ባስልዮስ በስድስቱ ቀናት ላይ 9። የጥንቶቹን አባቶች አንብባችሁ ከማስታወሻችሁ ጋር አመሳክሩ። ከሊቃውንቱ አንዱ ያላችሁትን ቀድሞ ብሎት ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ።

## ደረጃ 8፦ አንድ ዓረፍተ ነገር

አሁን ተፈቅዶላችኋል። ግን አንድ ብቻ፣ ከሃያ ቃል ያልበለጠ። ዓረፍተ ነገሩ ከምንባቡ ውጭ ሊቆም የማይችል መሆን አለበት።

“ቅናት ክፉ ነው” ይወድቃል። ቃየንን ባታነቡም ትሉት ነበር።

የእኔ ይህ ነው፦ *እግዚአብሔር ቃየንን ወንድሙን ከመግደሉ በፊት አስጠነቀቀው፣ ከገደለ በኋላ ጠየቀው፣ ከፈረደበት በኋላም እንዳይገደል ምልክት አደረገለት።*

ለእያንዳንዱ ሐረግ ቁጥር ጻፉ፦ 4፥6-7፣ 4፥9-10፣ 4፥15። ቁጥር የማይገኝለት ሐረግ ካለ ሰርዙት።

ካልተሳካ፦ ሁለት ጥሩ ዓረፍተ ነገር ከመጣና መምረጥ ካቃታችሁ ሁለት ጥሞና አላችሁ ማለት ነው። አንዱን ለሌላ ቀን አስቀምጡ። ምንም ካልመጣ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ያለፋችሁት ዝምታ አለ።

## ደረጃ 9፦ መጻፍ

ከ600 እስከ 800 ቃል በቂ ነው። በዚህ አካሄድ ሂዱ፦

1. በታሪኩ ውስጥ ካለ ነገር ጀምሩ። “ዛሬ የምናየው ርዕስ…” አትበሉ።
2. ሰሚው ያላየውን አንድ ነገር አሳዩት። ከደረጃ 3፣ 4 ወይም 5 አንዱን ምረጡ። ሦስቱንም አታፍሱበት።
3. ዓረፍተ ነገራችሁን ግለጡ።
4. ወደ ክርስቶስ ተሻገሩ፣ ደረጃ 7 ባገኛችሁት ድልድይ።
5. በጥያቄ ወይም በጸሎት አቁሙ።

ለናሙና መካከለኛውን ክፍል እነሆ፦

> “የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?” ቃየን መልስ አልጠበቀም። ጥያቄውን የወረወረው በሩን ለመዝጋት ነው። እግዚአብሔርም “አዎ፣ ነህ” አላለውም። አምስት ቁጥር ዝቅ ስትሉ ግን ገዳዩ ራሱ “ያገኘኝ ሁሉ ይገድለኛል” ብሎ ይፈራል። አሁን ጠባቂ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ጠባቂ የሚለው ቃል እዚያ አልተጻፈም፤ ምልክቱ ግን አለ። ወንድሙን ያልጠበቀ ሰው በእግዚአብሔር ተጠበቀ።

እዚህ ላይ ምን አልተጻፈም? “ስለዚህ እኛም…” የሚለው። ሰሚው ራሱ ይደርስበታል። ካልደረሰበት በስድስት ዓረፍተ ነገር ምክር አይደርስበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ የፍርዱን ክፍል ለማለስለስ አትቸኩሉ። ምሕረቱ አለ፤ ደሙም ይጮኻል። ከሰሚዎቻችሁ መካከል ወንድሙ የተገደለበት፣ ልጇ የተገደለባት ሊኖሩ ይችላሉ። ለእነሱ የታሪኩ ትልቁ ቃል “ምልክት” ላይሆን ይችላል፤ “የወንድምህ የደሙ ድምፅ ወደ እኔ ይጮኻል” የሚለው ነው። ያልተሰማ ደም የለም። አንዱን ብቻ መርጣችሁ ሌላውን አትቅበሩት።

## ደረጃ 10፦ ሙከራ

ጽሑፉን ለአንድ ሰው አንብቡለት፤ ቢቻል የማያደንቃችሁን ምረጡ። ሁለት ነገር ጠይቁት፦ “በታሪኩ ውስጥ ያላየኸው ምን አየህ?” እና “የቱ ጋ ሰለቸህ?” ለመጀመሪያው መልስ ካጣ ወደ ደረጃ 4። ለሁለተኛው የጠቆመው አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ እናንተ በጣም የወደዳችሁት ነው። ቁረጡት።

## ሲቸግር

የትውልድ ዝርዝር ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። ምዕራፍ 5ን አትዝለሉት፣ ግን ቀስ ብላችሁም አታንቡት። ጮክ ብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ሂዱ። “ሞተም… ሞተም… ሞተም” 8 ጊዜ ይመታል። መሃል ላይ ሄኖክ ጋ ሲደርስ ምቱ ይሰበራል (5፥24)። ጥሞናው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው።

6፥1-4 ላይ “የእግዚአብሔር ልጆች” እነማን ናቸው? ከጥንት ጀምሮ መላእክት ናቸው ያሉ አሉ፣ የአዳም ልጅ የሴት ዘር ናቸው ያሉም አሉ። ለመጀመሪያ ጥሞናችሁ ይህን ምንባብ አትምረጡ።

በቡድን ስናነብ አንዱ ሁሌ ክርክር ይከፍታል። የማቆያውን ገጽ በእሱ እጅ ስጡት። ጥያቄዎችን የሚመዘግበው እሱ ይሁን። መጨረሻ ላይ 10 ደቂቃ ይሰጠው። እኛ ጋ ሠርቷል።

ደረቀብኝ፣ ምንም አይታየኝም። ምንባቡን በእጃችሁ ገልብጡ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። የቃየን ታሪክ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይወስድም። እጅ ከዓይን ይዘገያል። ቁጥር 8 ላይ “ወንድሙን” ብላችሁ ስትጽፉ፣ እዚያው መስመር ላይ እንደገና “ወንድሙ” ብላችሁ ስትደግሙ፣ እስክሪብቶው ትንሽ ይቆማል። ከዚያ ጀምሩ።